ለበሽሎ ዓሣ የለበሰ መንጠቆ

ረቡዕ ረፋድ ላይ በሽሎ ዳር፣ ከትልቁ ጥቁር ድንጋይ አጠገብ የነበርነው እነዚህ ነን። አያ መኮንን፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም። አክስቴ የሺወርቅ፣ የአያ መኮንን ታናሽ እህት። ባሏ አያ ጥጋቡ። መሪጌታ ልሳኑ፣ የቤተ ልሔም ጋይንት ሰው። እኔ ደሳለው፣ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግኩ። ከወንዙ ማዶ ሁለት ሴቶች ልብስ ያጥቡ ነበር፤ ስማቸውን አልጠየቅኩም። አንዲት አህያም ነበረች።

ስም በመዘርዘር የጀመርኩት አያ መኮንን ስላዘዘኝ ነው። «መጀመሪያ እማኞቹን ጻፍ፤ ወሬው ኋላ ይደርሳል» አለኝ። ነገሩ የዓሣ ነገር ቢሆንም ለእሱ የስም ነገር ነው።

አያ መኮንን ስማዳ ውስጥ፣ ከበሽሎ በላይ ባለ መንደር ነው ያደገው። ልጅ ሳለ ወንዙ ውስጥ አንድ ዓሣ ያዘ። ርዝመቱ ክንድ ተስንዝር ነበር፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ አንድ ክንድ፣ በላዩ አንድ ስንዝር። ይህን ከዓመታት በኋላ በእህቱ ሠርግ ላይ ጠላ ይዞ ተናገረ። ሰዉ ሳቀ። በዚያ መንደር ዓሣ የሚያጠምድ የለም፤ በሽሎ ውስጥ ከጣት የሚበልጥ ዓሣ አለ ብሎ የሚያምንም አልነበረም። «ጥጋቡ አብሮኝ ነበር፣ እሱን ጠይቁት» አለ። ጥጋቡ ሙሽራው ነው። ሙሽራው «እኔ አላየሁም» ብሎ መለሰ። ከዚያች ቀን ወዲህ የአያ መኮንን ስም ክንድ ተስንዝር ሆነ። ገበያ ሲወጣ ሰዎች ክንዳቸውን ዘርግተው ያሳዩት ጀመር። በዓመቱ ባሕር ዳር ገባ። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እህቱ ቤት አልሄደም።

እኔ የምሠራው ጣና ዳር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ነው። አንድ እንግዳ የዓሣ ዘንጉን ከነክሩ፣ ከነማጠንጠኛው ትቶልኝ ሄደ። አጠቃቀሙን ያሳየኝ ሰው የለም፤ ከስልክ ነው የተማርኩት። ቪዲዮዎቹ የሚያወሩት ትራውት ስለሚባል ዓሣ ነው። ትራውት በእኛ በኩል የለም፤ ባሌ ተራራ ላይ ባሉ ጅረቶች ውስጥ አለ ይባላል። ስልኬ ደግሞ የመንጠቆውን የእንግሊዝኛ ስም «ዝንብ» ብሎ ተረጎመልኝ። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ መንጠቆ ላይ ዝንብ ስሠራ ኖርኩ፤ ክንፉ፣ ስድስት እግሩ ሳይቀር። ከመዳፌ የሚበልጥ ዓሣ ግን አልያዝኩም። በኋላ ገባኝ። ትልቅ ዓሣ ለዝንብ አይደክምም። ትልቅ ዓሣ የሚበላው ትንሽ ዓሣ ነው። ለእሱ የሚሆነው መንጠቆ ላባና ፀጉር ለብሶ፣ ውሃ ውስጥ ሲጎተት ትንሽ ዓሣ የሚመስለው ነው። ጣና ላይ እንዲህ ያለውን የሚያባርረው ነጭ ዓሣ የምንለው ነው። «ዝንብ» የሚለው ስም ግን አፌ ላይ ቀረ፤ እስከ ዛሬ መንጠቆዎቼን ዝንብ ነው የምላቸው።

አያ መኮንን አንድ ቀን የመንጠቆ ሣጥኔን ከፍቶ አንድ በአንድ አየ። ከዚያ «በሽሎ እንሂድ» አለ። «ያንን የሚያህል አውጣልኝ። ጥጋቡ ቆሞ እያየ።»

ሐሙስ

መንገዱ ክፍት ነው በተባለ ማግስት ከባሕር ዳር ተነሳን። ኅዳር እያለቀ ነው፤ የነቢያት ጾም ገብቷል። ሣጥኔ የሳሙና ማስቀመጫ ናት፤ ውስጧ የፍራሽ ስፖንጅ ቆርጬ አስገብቻለሁ። አሥራ አንድ መንጠቆዎች ተሰክተውባታል፣ ሰባቱ ነጭ። ጣና ላይ ነጭ ይሠራል። ስለዚህ በሽሎም ላይ ይሠራል ብዬ ነበር።

የአውቶቡሱ ረዳት ዘንጉን ጣሪያ ላይ ሲያስር «አንቴና ነው?» አለኝ።

«የዓሣ ዘንግ ነው።»

«ወደ ጋይንት? ጋይንት ዓሣ የታለና?»

አያ መኮንን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። 

ከደብረ ታቦር በኋላ መንገዱ ጉናን እየተጠጋ ይወጣል። ጭጋጉ ከመስኮቱ እኩል ወረደ። የገብስ ማሳዎች ብቅ ይሉና ይጠፋሉ፤ አንድ ሰው በሬ እየነዳ ከነጭ ውስጥ ወጥቶ ወደ ነጭ ገባ። እኛ አገር ጭጋግ የሐይቅ ነው፤ ከውሃው ላይ ተነስቶ ፀሐይ ሲነካው ይሄዳል። ይህኛው የሚሄድ አይመስልም። እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ አውቶቡሱ ውሃ ውስጥ የሚሄድ መሰለኝ፤ ስነቃም ያው ነበር።

ንፋስ መውጫ ያደርን ዕለት የደረሰብኝን ልጻፍ። ከመንጠቆዎቹ ሌላ መለዋወጫ የሚሆን ነጭ የአውራ ዶሮ የአንገት ላባ በከረጢት ይዤ ነበር። ገና ሳይመሽ ለብርሃን ብዬ መስኮቱን ከፍቼ፣ ላባውን በየርዝመቱ ልለየው አልጋው ላይ ዘረጋሁት። ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። አንድ ጊዜ ብቻ ነፈሰ። ክፍሉ በረዶ የሚጥልበት መሰለ፤ ከዚያ ባዶ ሆነ። የቤቱ ባለቤት እትዬ በላይነሽ ከግቢው የለቀመችውን በሰፌድ ይዛ መጣች። አፈር፣ ገለባና አራት ላባ።

«ይህ ሁሉ ላባ ተየት መጣ? በጾም ዶሮ በላችሁ እንዴ?» አለች።

አያ መኮንን ሲምል ሲገዘት ቆየ። እሷ ግን እየሳቀች ነበር። ብርዱን ስታይ የራሷን ጋቢ አምጥታ ደረበችልኝ፤ ባሕር ዳር ጋቢ ለብሶ የሚተኛ ሰው በሽተኛ ነው።

ዓርብ

አርብ ገበያ የምትባለው ከተማ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ነጭ ላባ ካልተካሁ ጉዞው ሁሉ ከንቱ ነው ብዬ አምኛለሁ። አንዲት ሴት ነጭ አውራ ዶሮ በእግሩ አንጠልጥላ ቆማለች። ዶሮውን ሳይሆን የአንገቱን ላባ ብቻ እንደምፈልግ ነገርኳት።

አየችኝ። «ማን ነው የላከህ?»

«ማንም አልላከኝም።»

«ነጭ አውራ፣ በጾም፣ ላባው ብቻ። በል ሂድ። እኔ የጠንቋይ ነገር አልነካም።»

ድምፅዋ ከፍ አለ፤ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ «ተየትኛው ቤት ነው የምትሄድ?» ይለኛል፣ ሌላው ከረጢቴን ሊያይ ይጎትታል። አያ መኮንን በዚያ አገር ስሙን ለመናገር ስለፈራ ከሰዉ ኋላ ቆመ። የጥፋቱ ባለቤት እኔ ነኝ። ዶሮ በቀለሙ መርጦ መጠየቅ እዚያ ምን ማለት እንደሆነ ከመንገድ በፊት መጠየቅ ነበረብኝ።

በዚህ መሀል አንድ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ፣ ጭራ የያዙ ሰው ገቡ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። መሪጌታ ልሳኑ እኚህ ናቸው።

«ልጄ፣ ላባው ለምን ፈለግኸው?»

«ለዝንብ ነው፣ አባቴ።»

«ለዝንብ?»

«ዝንብ ልሠራበት ነው።»

መሪጌታ እጃቸው ላይ ያለውን ጭራ አዩ፣ ቀጥሎ እኔን አዩ። «እኔ አርባ ዓመት ዝንብ ሳባርር ኖሬ፣ አንተ ልትሠራ መጣህ?»

ሴትዮዋ ሳትቀር ሁሉም ሳቀ። ዶሮዋን ግን አልሸጠችልኝም። ሣጥኔን ከፍቼ ለመሪጌታ አሳየኋቸው። አንዱን መንጠቆ በሁለት ጣታቸው አንስተው ወደ ብርሃን አቀረቡት፤ ውሃ ውስጥ እንዳለ ወዲያና ወዲህ አደረጉት። «ይህ ዝንብ አይደለም። ይህ ዓሣ ነው» አሉ። ሣጥኑን ካየ ሰው ሁሉ ሳልነግራቸው ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

አያ መኮንን እዚያው ነገሩን ሁሉ አጫወታቸው፤ ስሙን፣ ሠርጉን፣ የሚፈልገውን። እሳቸውም ስማዳ ያለ ወንድማቸውን ሊጠይቁ እሑድ የሚሄዱ ሆነው ተገኙ። «እስተዚያ እኔ ዘንድ እደሩ» አሉን።

ቅዳሜ

ቤተ ልሔም ያደርነው በመሪጌታ ጎጆ ነው። እራቱ ስልጆና ድንች ነበር። የስልጆው ሰናፍጭ አፍንጫዬን ሲያስለቅሰኝ መሪጌታ «ዓሣ በል ቢሉህ አታለቅስም» አሉኝ።

«እርስዎ በዚህ ጾም ዓሣ ይበላሉ?» አልኳቸው። እኛ ባሕር ዳር በነቢያት ጾም ዓሣ እንበላለን።

«የሚበላ አለ። እኔ አልበላም። የሚበላውን ግን አልከስም።»

ማለዳ የዜማ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ድጓቸውን ይዘው በየዛፉ ሥር ተቀምጠው ያዜማሉ። ጭጋጉ ስላልተነሳ ማንም አይታይም፤ ድምፅ ብቻ ነው፣ አንዱ ከቅርብ፣ አንዱ ከሩቅ፣ አንዱ ከመሬት ውስጥ የመጣ ይመስላል። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ክር እጠመጥም ጀመር። ሳላውቀው እጄ ከዜማው ጋር ይሄድ ነበር። እነሱ ሲያርፉ እኔም አርፋለሁ።

ላባ ስለሌለኝ መሪጌታ ጭራቸውን ሰጡኝ። የጊደር ጭራ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ይበልጣል። ነጭ የነበረው በጭስና በእጅ ወዝ ጠይሞ የማር እንጀራ ቀለም ይዟል። የፈረስ ጭራ ደረቅ ነው፣ ውሃ ውስጥ እንደ ስንደዶ ቀጥ ይላል። የጊደሩ ግን ለስላሳና ሞገድ ያለው ነው፤ ሲርስ ይተነፍሳል።

«ቁረጥ። ግን ተውስጥ ቁረጥ፣ በውጭ እንዳይታወቅ» አሉኝ።

ሁለት መንጠቆ አለበስኩ። ከገንዳ ውሃ ውስጥ ከትቼ አከታትዬ እየሳብኩ ሳሳያቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለምን ታካልበዋለህ? ዜማ ዕረፍት ከሌለው ጩኸት ነው። ሳብ፣ ሳብ፣ ተወው። ዓሣውም ይስማው እንጂ።»

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ወደ ወገዳ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ወጣን። የተጫነው ስንዴ ነው። በጆንያዎቹ መሀል ጎድጓዳ አበጅተን ተኛን። መንገዱ ሲወዛወዝ ሰማዩ ከላያችን እንደ ሸማ ይራገፋል። መሪጌታ ጥምጥማቸውን በእጃቸው ይዘው አንቀላፉ። አያ መኮንን አልተኛም። በየመታጠፊያው ቀና እያለ የገደሉን ስም፣ የቤተ ክርስቲያኑን ስም፣ የማን አጎት ማሳ እንደነበር ይነግረኛል። ድምፁ ውስጥ ባሕር ዳር ሰምቼው የማላውቀው ሰው ነበረ።

ወገዳ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ አንድ ሽማግሌ ከጥግ ትኩር ብለው አዩን።

«አንተ፣ ክንድ ተስንዝር አይደለህም?»

አያ መኮንን ብርጭቆውን አፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠው። «መኮንን ነኝ» አለ።

«እሱማ ነህ፤ ክንድ ተስንዝሩ መኮንን» አሉ ሽማግሌው። ክፋት አልነበራቸውም። እንዲያውም ደስ ብሏቸው ሻያችንን ከፈሉ።

ሰኞ

ከወገዳ ወደ በሽሎ የሚወርደው መንገድ ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ጠዋት ጋቢ ለብሰን ጀመርን፤ ቀትር ላይ ሸሚዝ ከበደን። ገብሱ በጤፍ፣ ጤፉ በማሽላ ተተካ። የግራር ሽታ መጣ። መሪጌታ ወንድማቸውን በመንገድ ጠይቀው፣ ደኅና ሆነው ስላገኟቸው፣ «ጭራዬን ተከትዬ ልውረድ» ብለው አብረውን ቀጠሉ።

አክስቴ ከሩቅ አይታን ወጣች። እሷና አያ መኮንን ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ ቆጥሬ አሥራ ሁለት ላይ ተውኩት። አያ ጥጋቡ ከአውድማው መጣ፤ ፀጉሩ ገለባ ለብሷል።

«መኮንን፣ ዓሣህን ልትጠይቅ መጣህ?»

«እህቴን ልጠይቅ ነው።»

«እህትህማ ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት እዚሁ ናት።»

«አንተ ዝም በል። ገለባህን አራግፍና ግባ» አለች አክስቴ።

እግራችንን በሞቀ ውሃ አጠበችን። እኔን ስታጥብ የእናቴን እግር እንደሚመስል ነገረችኝ፤ ሁለተኛው ጣት ከአውራው ይረዝማል። ይህን በራሴ እግር አይቼው አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

አያ መኮንን፣ መሪጌታና እኔ ገና በማለዳው ወንዙ ዳር ወረድን። አያ ጥጋቡ አውድማ አለብኝ ብሎ ቀረ። ሌሊቱን ወሎ በኩል ያለ ወቅቱ ዘንቦ ኖሮ ውሃው ወተት የነካው ሻይ መስሏል። ነጩን አሰርኩ። እንደ በረዶ የነጣው ላባ ከእጄ አንድ ክንድ ሳይርቅ ይጠፋል። እስከ ቀትር ነጭ ሞከርኩ፤ ትልቁን፣ ትንሹን፣ ሁለቱን የጭራ መንጠቆዎች። አንዱን ድንጋይ በላብኝ። መሪጌታ ጥላ ሥር ሆነው «ዓሣውም እንደኔ ላባ አይበላም፣ ጾመኛ ነው» አሉ።

አያ መኮንን ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና ድንጋይ ገለበጠ። ከሥሩ ጣት የሚያህል ዓሣ በሆዱ ድንጋዩን ጠብቶ ይዟል።

«ድንጋይ ጠቢ ነው የምንለው» አለ። «ያ የልጅነቴ ዓሣ ይህንን ሲያባርር ነበር ያየነው። ረስቼው ነበር።»

መዳፌ ላይ አድርጌ አየሁት። ጀርባው ጥቁር፣ ሆዱ የጠየመ ነጭ። የሆዱ ቀለም የመሪጌታ ጭራ ነው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ፣ ልዩነት አጣሁ። የጎደለው ጀርባ ነበር። እኔ ከጣና የጣናን ዓሣ ተሸክሜ መጥቻለሁ። እዚህ የሚበላው ሌላ ነው፤ የሚኖረውም ታች ድንጋይ ላይ እንጂ ውሃ መሀል አይደለም። መንጠቆዬ ጥቁር ጀርባ እና ክብደት ያስፈልገዋል።

ከሰዓት በኋላ አያ ጥጋቡን ጥቁር ፍየል ለመንኩት። ፍየሏን አንገቷን አቅፎ ያዘልኝ፣ እኔ ከጀርባዋ ፀጉር ቆረጥኩ። ለክብደት የተበላሸ የጆሮ ማዳመጫዬን ገፍፌ የመዳብ ሽቦውን በመንጠቆው አንገት ላይ ዘጠኝ ጊዜ ጠመጠምኩ። ከሥር ጭራ፣ ከላይ ፍየል። መሪጌታ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቆረጥባቸው «ጭራዬ እያጠረ ዝንቡ እየበዛ ሄደ» ብለው አዘኑ።

አያ ጥጋቡ ፍየሏን ሳይለቅ እጄን ያይ ነበር። «ልጄ፣ አንተ ግን ትልቅ አለ ብለህ ታምናለህ?» አለኝ።

«አላውቅም። አያ መኮንን አይቻለሁ ብሏል።»

እሱ የፍየሏን ጀርባ፣ የቆረጥኩበትን ቦታ፣ በመዳፉ ደጋግሞ ዳበሰ።

ረቡዕ

ውሃው በግማሽ ጠርቷል። የቅርቡ ድንጋይ ይታያል፣ የሩቁ አይታይም። አክስቴ ውሃ ልትጭን አህያ ይዛ ወረደች። አያ ጥጋቡም መጣ። «አህያዋን ልነዳ ነው» አለ፤ አህያዋን ግን አክስቴ ነበረች የምትነዳ።

አያ መኮንን ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር ያለውን ጉድጓድ አሳየኝ። ጥቁሩን መንጠቆ ከላይ ጣልኩት፤ ወረደ፣ ታቹን ሲነካ በክሩ ተሰማኝ። ሳብ፣ ሳብ፣ ተወው። ስንት ጊዜ እንደጣልኩ አልቆጠርኩም። ሙቀቱ ጀምሯል፤ ወንዙ ከአንድ ቦታ ሳይነቃነቅ የሚሄድ ይመስላል፤ ማዶ ልብስ የሚወቅጡት ሴቶች እጃቸው ወርዶ ድምፁ ቆይቶ ይደርሳል። አንድ ቦታ ላይ ዓሣ መያዝ የምፈልግ መሆኔን ረስቼው ነበር።

ዓሣው የያዘው ስተወው ነው። ስስበው አይደለም፣ ሳርፍ። ክሩ ወደ ጎን ሄደ፣ ዘንጉ ጎበጠ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል አላስታውስም። ዳር ሲደርስ አያ ጥጋቡ ከነሱሪው ገብቶ ጅራቱ ሥር ባለው ቀጭኑ ላይ በአንድ እጁ አንቆ፣ በሌላው ሆዱን ደግፎ አወጣው። ዓሣ ይዞ የማያውቅ ሰው ሁልጊዜ መሀሉን ነው የሚይዘው፤ ያመልጠዋል። ያን ጊዜ ግን ይህን አላሰብኩም።

ነጭ ዓሣ የምንለው ዘር ነው፤ ጀርባው የነሐስ፣ ከንፈሩ ወፍራም። ድንጋዩ ላይ አጋደምነው። የልብስ ሰፊ ሜትሬን ዘረጋሁ፤ አምሳ ስምንት ሳንቲ ሜትር። አያ መኮንን በሜትሬ አላመነም። ተንበርክኮ ክርኑን ከጅራቱ ጫፍ አስተካክሎ ክንዱን አጠገቡ ዘረጋ። አንድ ክንድ። ከዚያ አራት ጣቱን አጋድሞ አንድ ጋት። ከዚያ ሁለት ጣት። ዓሣው አለቀ፤ ስንዝር አልሞላም።

 ማዶ ያሉት ሴቶችም መውቀጣቸውን ትተው ያዩናል።

«ጻፍ» አለኝ አያ መኮንን።

«ምን ልጻፍ?»

«ያየኸውን። ክንድ ተጋት፣ በላዩ ሁለት ጣት።»

«ይኸስ ትንሽ ነው?» አለች አክስቴ። «እኔ ይህን የሚያህል አይቼ አላውቅም።»

«ትንሽ ነው አልተባልሁም፣ የሺ። ውሸታም ነው የተባልሁ።»

ተነስቶ እጁን ሊታጠብ ወደ ውሃው ዞረ። አያ ጥጋቡ ያኔ ነው የተናገረው። ዓሣውን እያየ ነበር እንጂ እሱን አይደለም።

«ስንት ዓመታችን ነበር?»

አያ መኮንን ቆመ። «የቱ?»

«ያኔ። አሥራ አንድ ነን? አሥራ ሁለት?»

«አሥራ አንድ።»

«ጅራቱን እኔ ነበርሁ የያዝሁ። አንተ ክንድህን አስጠጋህ። ክንድህ ያኔ እስተዚህ ነበረች» አለና የአያ መኮንንን እጅ ይዞ፣ ከክርኑ ጀምሮ፣ መዳፉ መሀል ላይ በጣቱ ምልክት አደረገ። «ስንዝርህም ስንዝር አትባልም። ይኸው ዓሣ ነው። ወይም ልጁ ነው።»

አያ መኮንን ክንዱን የሌላ ሰው ክንድ እንደሆነ ሁሉ አየው። እሱ አድጓል፤ በሐሳቡ ውስጥ ዓሣውም አብሮት አድጎ ነበር።

«አይተሃል ማለት ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው?»

 «ሠርጌ ነበር። ሰው ሁሉ ሲስቅ ደስ አለኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልሁ። ነገ ደግሞ ስም ወጥቶልህ አደረ።»

አክስቴ ባሏን እንደዚያ ስታይ ሌላ ጊዜ አላየሁም። መሪጌታ ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩ። «በአደባባይ የወጣ ስም በአደባባይ ነው የሚመለስ» አሉ ቀስ ብለው።

አያ ጥጋቡ ክርክር አልገጠመም። እንጨት ቆርጦ ዓሣውን በጉንጩ በኩል ሰካው፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ዳገቱን ጀመረ።

ከወንዙ እስከ መንደሩ ሦስት አውድማ አለ። በእያንዳንዱ ቆመ። «መኮንን ሠርጌ ላይ የነገራችሁ ዓሣ ይህን ያህል ነበር። እኔም አይቼዋለሁ። አላየሁም ያልሁት ውሸት ነው» ይላል። በመጀመሪያው አውድማ ሰዎቹ በሬዎቹን አቁመው ሰሙት፤ አንዱ «ጥጋቡ፣ ተመቼ ወዲህ ነው ዓሣ ነጋዴ የሆንህ?» አለው። በሁለተኛው ዓሣው መሽተት ጀምሮ ነበር፤ ዝንብ ተሰበሰበ፣ መሪጌታ ያባርራሉ። በሦስተኛው አንድ ጎልማሳ ክንዱን ዘርግቶ አሳየውና «እንግዲህ ክንድ ተስንዝር ሁለት ሆናችሁ» አለ። ሁሉም ሳቀ።

«ሆንን» አለ አያ ጥጋቡ። ዓሣውን ከፍ አድርጎ ያዘ፣ እንዲያዩት።

አያ መኮንን ይህን ሁሉ ጊዜ ከፊት ከፊት ሲሄድ አንድ ጊዜም ወደ ኋላ አልዞረም። ከሦስተኛው አውድማ በላይ መንገዱ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ግን ቆሞ አገኘነው። አያ ጥጋቡ ደረሰበት። እንጨቱ ትከሻውን ልጦታል። አያ መኮንን የእንጨቱን ሌላ ጫፍ ያዘ፤ ዓሣው መሀላቸው ሆኖ ወጡ። አንድ ሰው ለሚይዘው ነገር ሁለቱም ጎንበስ ብለው ነበር።

አክስቴ ጾም ነው ብላ ድስቷን አላስነካችም። ደጅ በፍም ጠብሰው ሁለቱ በሉት፤ ለእኔ ከጉንጩ ሥር ያለውን ሰጡኝ። መሪጌታ ቆሎ ያዙ።

ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ

ብቻዬን ተመለስኩ። አያ መኮንን ውቂያው እስኪያልቅ እቀራለሁ አለ። አክስቴ በሶ ቋጠረችልኝ። መንገዴ በእስቴ በኩል ነበር፤ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያሳደረኝ ሰው ዘንጉን አይቶ ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ ዝናብ እንዳያገኘው ጣራ ሥር ሰቀለልኝ። ቅዳሜ ማታ ጣናን ሳየው ውሃው ከዚህ በፊት ካየሁት የገረጣ መሰለኝ። ጥቁሩን መንጠቆ አንድ ጊዜ ጣልኩበት። ምንም አልነካውም። ለሌላ ውሃ የለበሰ ነው።

ያየሁትን ጽፌያለሁ፣ አያ መኮንን እንዳዘዘኝ። ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ። ከመታጠፊያው በኋላ፣ እንጨቱን በሁለት ጫፍ ይዘው ሲወጡ፣ ሁለቱ ይነጋገሩ ነበር። ዘንጉን ይዤ፣ አህያዋንም ከኋላ እየነዳሁ ስለነበር አልሰማሁም፤ የአያ ጥጋቡ ትከሻ ሁለት ጊዜ ሲንቀጠቀጥ ብቻ አየሁ፣ ይሳቅ ያልቅስ ከኋላ አይለይም። መሪጌታ፣ እርስዎ ዝንቡን እያባረሩ አጠገባቸው ነበሩ። አክስቴ፣ አንቺም ከእኔ ትቀርቢ ነበር። ከማዶ የነበራችሁት ሴቶች፣ ይህ በማንም እጅ ቢደርሳችሁ፣ ስማችሁን ላኩልኝ፤ ዓሣው ሲለካም ከዚያ ሆናችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ። የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉልኝ። ከዚህ በታች ቦታ ትቻለሁ።